ማህተሙ የማን ነው? ስለ ውስጥ ዲዛይን፣ ስለ ሙያ ፈቃድና ስለ እኛ

በአትላንታ መሐል ከተማ፣ በፒችትሪ ጎዳና ላይ፣ ዛሬ ኤሊስ ሆቴል የሚባል ባለ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ከፊቱ በየቀኑ የምናልፍ ብዙዎች ነን፤ የቀድሞ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1946 ከሌሊቱ መገባደጃ ላይ፣ ያኔ ዋይንኮፍ ሆቴል ይባል በነበረው በዚሁ ሕንፃ ውስጥ እሳት ተነሣ። 119 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም መካከል ለወጣቶች ስብሰባ ከየከተማው የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በአሜሪካ ታሪክ ከደረሱት የሆቴል ቃጠሎዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሞተበት እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ሆቴሉ ራሱን «እሳት የማይበግረው» እያለ ያስተዋውቅ ነበር።

ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። የሕንፃው አጥንት፣ ማለትም ብረቱና ግንቡ፣ ከቃጠሎው በኋላም ቆሞ ቀርቷል፤ ዛሬም ያው ነው። የተቃጠለው ውስጡ ነው፦ የኮሪደሩን ግድግዳ የሸፈነው ቀለም የተቀባ ጨርቅ፣ ምንጣፉ፣ የእንጨቱ በር፣ ከበሩ በላይ ለአየር ተብሎ የተተወው መስኮት። ሕንፃው አንድ ክፍት ደረጃ ብቻ ነበረው፤ የውጭ ማምለጫም ሆነ ውኃ መርጫ አልነበረውም። ይህ ሁሉ ደግሞ ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሠራ በከተማው ደንብ የተከለከለ አልነበረም። ሰዎቹን የገደላቸው የውስጥ ዲዛይን ምርጫና የደንብ ክፍተት ተጋግዘው ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለአንድ ሙግት ፍትሐዊ መነሻ ለመስጠት ነው። የንግድ ሕንፃዎች የውስጥ ዲዛይነሮች በመንግሥት ፈቃድ ብቻ ይሥሩ የሚሉ ወገኖች ዋና ማስረጃቸው እንዲህ ያለው እሳት ነው። «ሥራችን የትራስና የመጋረጃ ቀለም መምረጥ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ ሙያውን በፈቃድ እንጠረው» ወደሚለው መደምደሚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ድልድይ፣ እኔ እስከማየው ድረስ፣ አልተሠራም። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ለሦስት ነጥቦች ነው። አንደኛ፣ አደጋው ያለው በዕቃውና በቦታው አሠራር ላይ ስለሆነ ጥበቃው በቅድሚያ እዚያው ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሙያን የሚመለከተው ሕግ መጠሪያንና የመፈረም ኃላፊነትን ቢጠብቅ በቂ ነው፤ ሥራውን ራሱን መከልከል የለበትም። ሦስተኛ፣ ወደ ማህተሙ የሚወስደው በር ችሎታን እንጂ የትምህርት ቤትን ስም መጠየቅ የለበትም። ሦስተኛው ነጥብ በተለይ እኛን፣ በአዲስ አበባ ተምረን በአትላንታ የምንሠራውን፣ በቀጥታ ይመለከታል።

፩. የአንድ ፊርማ ዋጋ

የማውቃት አንዲት ወይዘሮ በክላርክስተን አካባቢ ቀድሞ የልብስ መሸጫ የነበረ ባዶ ቤት ተከራይታ ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሣች። የውስጡን አቀማመጥ የሠራችላት በአዲስ አበባ አርክቴክቸር ተምራ፣ ለዓመታት የባንክ ቅርንጫፎችንና የካፌዎችን ውስጥ ስትነድፍ የኖረች አንዲት ባለሙያ ናት። የወጥ ቤቱን በርና የእንግዶቹን መውጫ ለየች፤ የመጸዳጃ ቤቱን ስፋት ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲበቃ አደረገች፤ የእሳት መውጫውን ርቀት ለካች፤ የኮርኒሱንና የግድግዳ ልባሱን ዓይነት ከነደረጃቸው ዘርዝራ ጻፈች። ሥዕሉ ወደ ፈቃድ መስጫው ቢሮ ሲደርስ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተመዘገበ ባለሙያ ማህተም።

ማህተሙን የሚያኖር አርክቴክት ተገኘ። ሥዕሎቹን አንድ ከሰዓት በኋላ ተመልክቶ፣ ሁለት ልኬቶች አስተካክሎ ፈረመ። ለዚህ የተከፈለው ገንዘብ ሥዕሉን ከሠራችው ሴት ክፍያ ይበልጣል። ማንም ሰው አላጭበረበረም፤ ሥራው በኃላፊነት የተመረመረ ነው ብሎ የፈረመው ባለሙያ በእርግጥም ተመልክቶታል። ነገር ግን ኢኮኖሚስት የሆነ ሰው ይህን ሲያይ መጠየቁ አይቀርም፦ የልዩነቱ ገንዘብ የተከፈለው ለምን ነበር? ለዕውቀት እንዳይባል ዕውቀቱ በአብዛኛው ከሌላ ሰው ነበር። የተከፈለው ለመብት ነው።

በሀገራችን ፖለቲካ «ኪራይ ሰብሳቢነት» የሚለው ቃል ከመደጋገሙ ብዛት ትርጉሙ ተሟጥጧል፤ ማንም ያልወደደውን ሰው የሚሰድብበት ቃል ሆኖ ቀርቷል። በትክክለኛ ትርጉሙ ግን የሚያመለክተው ይህንኑ ነው፦ አዲስ እሴት ሳይጨመር፣ በሕግ ከተሰጠ የብቸኝነት መብት የሚገኝን ገቢ። የሙያ ፈቃድ ሁሉ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው ማለቴ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ሁሉ ግን ለኪራይ የሚሆን ቦታ ይፈጥራል፤ ጥያቄው በለውጡ ሕዝብ ምን አገኘ የሚለው ነው።

፪. ሦስት ዓይነት አጥር

ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው «ካፒታሊዝም ኤንድ ፍሪደም» በተባለው መጽሐፉ፣ መንግሥት በሙያ ላይ የሚያቆመውን አጥር በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ተራ ምዝገባ ነው፤ ሠራተኛው ስሙን ያስመዘግባል፣ ይሠራል። ሁለተኛው የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ማንም ሰው ሥራውን መሥራት ይችላል፣ በሕግ በተጠበቀው መጠሪያ መጠቀም የሚችለው ግን ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው። ሦስተኛው ፈቃድ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ሥራውን ራሱን ቢሠራ ሕግ ጥሷል። የፍሪድማንን ድምዳሜዎች ሁሉ መቀበል አያስፈልግም፤ እኔም አልቀበልም። ክፍፍሉ ግን ዛሬም ይሠራል።

የውስጥ ዲዛይን በአሜሪካ ሦስቱንም ደረጃ ጎን ለጎን የምናይበት ያልተለመደ ሙያ ነው። «ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ» የተባለው የሕግ ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ ሥራውን ያለ ፈቃድ መሥራት የከለከሉት ሦስት ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ነበሩ። ግዛቶቹም ፍሎሪዳ፣ ሉዊዚያናና ኔቫዳ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ፈቃዱን ለማግኘት ይጠየቅ የነበረው ትምህርትና ልምድ ተደምሮ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆን ነበር። በዚያው ዘገባ ለአምቡላንስ ሕክምና ረዳቶች የሚጠየቀው ሥልጠና በአማካይ 33 ቀን ነው። ድርጅቱ በፍርድ ቤት የሚሟገትለት ዓላማ ያለው ስለሆነ ቁጥሮቹን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ሆኖም ንጽጽሩ ችላ የሚባል አይደለም። የልብ ድካም ይዞት የወደቀን ሰው ለማንሣት ከአንድ ወር ጥቂት ያለፈ፣ የቢሮን ውስጥ ለመንደፍ ስድስት ዓመት ከጠየቅን፣ የሚጠበቀው ደኅንነት ብቻ አይደለም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አጥሩ በፍርድ ቤትም በምክር ቤትም ተፈትኗል። ከጎረቤታችን ከአላባማ እንነሣ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 የውስጥ ዲዛይን ሥራን በፈቃድ የሚገድበውን ሕግ ሽሮታል፤ ሕጉ ሥራውን የተረጎመበት ስፋት ለደንበኛ ስለ ቀለምና ስለ ትራስ መምከርን ጭምር ሊያካትት የሚችል ነበር። ፍሎሪዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን አንሥታ በፈቃደኝነት ምዝገባ ተካችው፤ የተመዘገበ ባለሙያ በራሱ ማህተም ሥዕል አቅርቦ የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፣ ያልተመዘገበም ከመሥራት አይከለከልም።

ጆርጂያ በመካከለኛው መንገድ ላይ ናት። የአርክቴክቶችና የውስጥ ዲዛይነሮች የግዛት ቦርድ «የተመዘገበ የውስጥ ዲዛይነር» የሚለውን መጠሪያ ይጠብቃል፤ የተመዘገበው ባለሙያ የሕንፃውን ተሸካሚ አካል በማይነኩ የውስጥ ሥራዎች ላይ ሥዕል አዘጋጅቶ ለፈቃድ ማቅረብ ይችላል። ያልተመዘገበ ሰው ሥራውን ቢሠራ ወንጀለኛ አይሆንም። ይህ አደረጃጀት፣ በመርሕ ደረጃ፣ ካሉት ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ በሩ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

፫. የሚጎዳው ማን ነው?

ኢኮኖሚስቶች ለሙያ ፈቃድ የሚሰጡት የታወቀው መከላከያ የመረጃ አለመመጣጠን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ ገዢው የዕቃውን ጥራት ማወቅ በማይችልበት ገበያ መጥፎው ጥሩውን ያባርራል። ሄይን ሊላንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሙያ አምጥቶ፣ ዝቅተኛ የጥራት መስፈርት ሕዝብን ሊጠቅም እንደሚችል፣ መስፈርቱን የሚወስነው ሙያው ራሱ ከሆነ ግን ከሚገባው በላይ ከፍ ሊደረግ እንደሚችል አሳየ። ሞሪስ ክላይነርና ባልደረቦቹ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ፈቃድ የባለፈቃዶቹን ገቢ ከፍ እንደሚያደርግ በተደጋጋሚ ሲያገኙ፣ ጥራትን ከፍ ለማድረጉ ያገኙት ማስረጃ ግን ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ላይ የነበረው አሜሪካዊ ከመቶ አምስት የማይሞላ ነበር፤ ዋይት ሐውስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ ቁጥሩ ከሩብ በላይ ደርሷል።

ይህን መከላከያ በንግድ ሕንፃ የውስጥ ዲዛይን ላይ ስናውለው ግን አንድ ነገር ይጎድላል። እዚህ ገዢው ማን ነው? ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የሕግ ቢሮ፣ የሕንፃ አልሚ ኩባንያ። እነዚህ የማያውቁ ገዢዎች አይደሉም። ጠበቃ አላቸው፣ የፕሮጀክት ኃላፊ አላቸው፣ የቀደመ ሥራ ሄደው ያያሉ፣ ውል ይዋዋላሉ፣ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ቤቷን ለማሳመር ዲዛይነር የምትቀጥር እናት እንኳ ከእነርሱ ይልቅ ለመታለል የቀረበች ናት፤ ፈቃድ ጠያቂዎቹ ግን አጥብቀው የሚሟገቱት ለንግዱ ዘርፍ ነው።

በዋይንኮፍ የሞቱት የሆቴሉ ደንበኞች እንጂ ዲዛይኑን የገዙት ሰዎች አልነበሩም፤ የሆቴሉን ስም ያወጡት ባለሀብትና ባለቤታቸው በእሳቱ ቢሞቱም፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ በግድግዳው ልባስ ምርጫ ላይ ቃል ያልነበራቸው እንግዶች ናቸው። ስለዚህ ያለው ችግር በሻጭና በገዢ መካከል ያለ የመረጃ ጉድለት ሳይሆን፣ በውሉ ውስጥ በሌለ ሦስተኛ ሰው ላይ የሚወድቅ ጉዳት ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መድኃኒቱን ይለውጠዋል። ገዢው ስላላወቀ ከሆነ የሻጩን ብቃት ማሳወቅ ይረዳል። ገዢውም ሻጩም እያወቁ ርካሹን ዕቃ ሊመርጡ የሚችሉ ከሆነ ግን፣ የዲዛይነሩ ዲግሪ እንግዳውን አያድነውም። የሚያድነው ዕቃው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብና ደንቡን የሚያስከብር ተቆጣጣሪ ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። ከ1940ዎቹ ተከታታይ ቃጠሎዎች በኋላ አሜሪካ የወሰደችው ዋናው እርምጃ የሰዎችን ፈቃድ ማብዛት አልነበረም። ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ እሳት መከላከል ብሔራዊ ጉባኤ ጠሩ። ደንቦች የተዘጋ ደረጃን፣ ሁለተኛ መውጫን፣ ውኃ መርጫን አስገዳጅ እያደረጉ መጡ። ለግድግዳና ለኮርኒስ ልባሶች ዛሬ የሚያገለግለው የታወቀ የዋሻ ፈተና አለ፤ ናሙናው በረጅም ዋሻ ውስጥ ተለኩሶ ነበልባሉ የሚሄድበት መጠን ይለካል። ውጤቱ እስከ 25 ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ እስከ 75 ሁለተኛ፣ እስከ 200 ሦስተኛ ነው። ደንቡም የትኛው ደረጃ በደረጃ ማማው፣ በኮሪደሩ፣ በክፍሉ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ይዘረዝራል። ይህ ሥርዓት የሚጠይቀው «ማን መረጠው?» ብሎ ሳይሆን «ምንድን ነው? የት ሊገባ ነው?» ብሎ ነው።

፬. ታዲያ የሙያ ማረጋገጫ ከንቱ ነው?

አይደለም። እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «ገበያው ራሱ ይፍታው» ልትል ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ቸኩሏል።

ሁሉም ነገር በደንብ ተዘርዝሮ አይጻፍም። ታማሚ የተኛበት አልጋ ከነርሷ ጠረጴዛ እንዴት ይታያል፣ የመርሳት ሕመም ያለበት አረጋዊ በኮሪደር ውስጥ መንገዱን በምን ያውቃል፣ የትኛው ወለል ሲጸዳ ተሕዋሲያንን አይደብቅም፦ እነዚህ የፍርድ ጥያቄዎች ናቸው። ለእነዚህ ገበያው ራሱ ልዩ ልዩ ማረጋገጫዎችን አፍርቷል፦ ለጤና ተቋማት ዲዛይነሮች የተለየ፣ በማስረጃ ላይ ለተመሠረተ የሕክምና ቦታ ዲዛይን የተለየ፣ «ሊድ» በመባል ለሚታወቀው የአረንጓዴ ሕንፃ መለኪያ የተለየ፣ «ዌል» ለሚባለው የጤናማ ሕንፃ መለኪያ የተለየ፣ አረጋውያን በቤታቸው እንዲኖሩ ለሚያስችል አሠራር የተለየ። እነዚህን ማንም በሕግ አልተገደደባቸውም። ሆስፒታሉ ይፈልጋቸዋል፣ ባለሙያው ያገኛቸዋል፣ ዋጋቸውም በገበያው ይፈተናል። ማረጋገጫው የማይጠቅም ከሆነ ቀጣሪው መጠየቁን ይተዋል፤ ፈቃድ ግን ባይጠቅምም አይለቅም። በዚህ ዘርፍ ዐዋቂ ገዢ ስላለ በፈቃደኝነት የሚገኝ ልዩ ማረጋገጫ ከግዴታ ፈቃድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥቅም የኃላፊነት ነው። ማህተም ማለት «ስህተት ከተገኘ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ሁሉን ሥዕል መስመር በመስመር ሊያይ አይችልም፤ ስሙን አስይዞ የፈረመ ሰው መኖሩ የቁጥጥሩን ወጪ ይቀንሳል። ለዚህ ነው የጆርጂያን መካከለኛ መንገድ የምደግፈው፦ ማንም ይሥራ፣ ለሕዝብ በሚያገለግል ቦታ ላይ ግን ተጠያቂ የሆነ ሰው ይፈርም፤ ያም ሰው የግድ አርክቴክት መሆን የለበትም።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ።

፭. የበሩ ቁልፍ

ወደ ማህተሙ የሚወስደው ዋናው መንገድ የውስጥ ዲዛይን ብቃት ምክር ቤት የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ነው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ሲሆን ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ መሠረታዊ ዕውቀት፣ የሙያ አሠራርና የተግባር ክፍል። የመጀመሪያውን ክፍል ተማሪ ሳይመረቅም ሊፈተነው ይችላል። ለቀሪዎቹ ግን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው፣ 3,520 ሰዓት ክትትል የተደረገበት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የሦስቱ ክፍሎች ክፍያ ሲደመር ከ1,000 ዶላር ያልፋል።

ሰዓቱን በሳምንት 40 ብናካፍለው 88 ሳምንት፣ ማለትም ሃያ ወር ገደማ ነው። ገንዘቡም ሰዓቱም ለአንድ ሙያ የማይቻል ሸክም አይደለም። እንቅፋቱ «ክትትል የተደረገበት» በሚለው ውስጥ ተደብቋል። ልምዱ የሚቆጠረው ማረጋገጫው ባለው ወይም በተመዘገበ ባለሙያ፣ ወይም የውስጥ ዲዛይን በሚሠራ አርክቴክት ሥር ሲሆን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወደ ገበያው ለመግባት በገበያው ውስጥ ያለ ሰው ሊቀበልህ ይገባል። ተወዳዳሪ የመሆን ዕድልህ በተወዳዳሪህ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። አዳም ስሚዝ በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝን የእጅ ሙያ ማኅበራትና ረጅሙን የተለማማጅነት ዘመን ሲተች የተናገረው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ለአሜሪካዊቷ ተመራቂ ይህ ችግር ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቷ ከድርጅቶች ጋር ትውውቅ አለው። በአዲስ አበባ ለተማረችው ግን ሦስት መሰናክሎች ተደራርበው ይመጣሉ፦ ዲግሪዋ በገምጋሚ ተቋም መመዘን አለበት፤ በአዲስ አበባ የሠራችባቸው ዓመታት ትክክለኛ ማረጋገጫ ያለው ፈራሚ ካላገኙ እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ፤ እዚህ ደግሞ ተቀብሎ የሚያሠራት ቢሮ ማግኘት አለባት፣ እርሷ ግን የቤት ኪራይ ለመክፈል በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ ይዛለች። በክላርክስተኑ ምግብ ቤት ማህተም የጎደላት ሴት ፈተናውን ወድቃ አይደለም። እስከ ፈተናው አልደረሰችም።

መፍትሔው መስፈርቱን ማውረድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ፈተናው በእርግጥ ችሎታን የሚለካ ከሆነ መጀመሪያ ይፈተኑ። ሦስቱንም ክፍል ያለፈ ሰው፣ ልምዱ ከየትም ይሁን፣ የሥራ ማኅደሩን ለቦርዱ አቅርቦ ይመዘን፤ የአካባቢውን ደንብ ለመልመድ አጭር የክትትል ጊዜ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ፈተናው ብቻውን ችሎታን አይለካም ከተባለ ደግሞ፣ ለምን ማለፉን እንደ ብቃት ማስረጃ እንደምንቆጥረው መመለስ ያለባቸው ምክር ቤቱና ግዛቱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ይህ «ከየትም ይማር፣ ችሎታው ይመዘን» የሚለው መርሕ አሜሪካ ልታስተምረን የሚገባ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ውስጥ በጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ምዘናን ከሥልጠና ለይቶታል፤ ሁላችንም «ሲኦሲ» እያልን የምንጠራው ምዘና በመደበኛ ትምህርት ቤት ለተማረውም፣ ከአባቱ ወይም ከአሠሪው በልምድ ለተማረውም ክፍት እንዲሆን የታሰበ ነው። አፈጻጸሙ ብዙ ወቀሳ አለበት፤ የፈተና መሰረቅ፣ የመዛኝ ማነስ፣ የመሣሪያ ጉድለት ተደጋግሞ ተነግሯል። መርሑ ግን ከጆርጂያው የተሻለ ነው።

፮. ወደ ቤት ስንመለስ

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢያን መካከል አዲስ አበባ ሄደው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን የሚያማክሩ፣ ረቂቅ ሕግ የሚላክላቸው፣ በሙያ ማኅበራት የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ለእነርሱ አንድ ስጋቴን ልንገር። ከውጭ የምንመለስ ሰዎች ይዘን የምንሄደው ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታየውን ተቋም ነው፦ ቦርዱን፣ ፈቃዱን፣ የዓመት ክፍያውን። የማይታየውን፣ ማለትም የመፈተሻ ላቦራቶሪውንና ሳይጠራ የሚመጣውን የእሳት ተቆጣጣሪ፣ ትተነው እንሄዳለን።

የውስጥ ዲዛይን ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ ወንበሩና ጠረጴዛው ሳይቀር ለዚያው ቦታ ታስቦ የተሠራ ነበር፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮትም የሕንፃው አካል ሆኖ ነው የተሠራው። እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲጠናቀቅ ዓለም ያደነቀው ይህንኑ ውስጡን ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮ-ስዊድን ተቋምነት የተጀመረውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአርክቴክቸርና የሕንፃ ኮንስትራክሽን ትምህርት ቤትም ትውልዶችን አፍርቷል።

ዛሬ ያለው ችግር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል፤ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ተቋማት፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች በጥብቁ ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቷል። ትኩረቱ፣ ተገቢ በሆነ ምክንያት፣ ሕንፃው እንዳይወድቅ ነበር። ነገር ግን ወደ ማንኛውም የገበያ ማዕከል ብትገቡ የምታዩት ይህ ነው፦ ባለቤቱ ባዶ ፎቅ ያስረክባል፤ እያንዳንዱ ተከራይ በራሱ ገንዘብ ኮምፔንሳቶ፣ ጂፕሰም፣ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክ ልባስ አስገብቶ ይከፍለዋል፣ ያስጌጠዋል። ኮሪደሩ ይጠባል። የመውጫው በር ከመደርደሪያ ጀርባ ይቀራል። የዋይንኮፍ ሆቴል አጥንቱ እሳት የማይበግረው፣ ውስጡ ግን የሚነድ ሕንፃ እንደነበር አስታውሱ።

ለዚህ የሚቀርበው የመጀመሪያ መልስ «የውስጥ ዲዛይነሮች ፈቃድ ይኑራቸው» የሚል ከሆነ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ውጤቱን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ፈቃዱ ያላቸው ጥቂቶች ፊርማቸውን ያከራያሉ፤ ጂፕሰም የሚሠራው ወጣትና የቤት ዕቃ የሚያመርተው አናጢ ሥራውን እንደበፊቱ ይሠራሉ፣ ግን ከሕግ ውጭ ሆነው። ኮምፔንሳቶው ያው ኮምፔንሳቶ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ በተቃራኒ ይመጣል፦ «ተቆጣጣሪ ባነሰበትና ጉቦ ባለበት ሀገር የዕቃ ደንብ በወረቀት ይቀራል፤ ስለዚህ ሰውየውን መቆጣጠር ይሻላል።» ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ራሱን ይበላል። ተቆጣጣሪ የሚገዛበት ቦታ ማህተምም ይገዛል። ልዩነቱ፣ ዕቃን ከምንጩ መቆጣጠር የሚቻልባቸው በሮች ጥቂት መሆናቸው ነው። የግድግዳ ልባስ፣ ምንጣፍና የኮርኒስ ሰሌዳ በብዛት ከውጭ በጉምሩክ በኩል የሚገቡ ወይም በጥቂት ፋብሪካዎች የሚመረቱ ናቸው። አሥር ሺህ ሱቆችን ከመከታተል ጥቂት በሮች ላይ መቆም ይቀላል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ቀድሞውንም አሉ፤ የጎደለው የውስጥ ልባሶችን የመቃጠል ደረጃ አስገዳጅ ማድረግና ለመፈተሽ የሚያስችል አቅም ነው።

ከዚያ ቀጥሎ፣ በሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ የሚደረግ የተከራይ ሥራ ሁሉ የራሱ አጭርና ርካሽ ፈቃድ ይኑረው፤ የሚጠየቀውም መውጫው፣ የኮሪደሩ ስፋትና የልባሱ ደረጃ ብቻ ይሁን። በሦስተኛ ደረጃ መጠሪያው ይጠበቅ፤ የተመዘገበ የውስጥ ዲዛይነር መሆን የፈለገ፣ ዲግሪ ይኑረውም አይኑረው፣ በሲኦሲው መርሕ ይፈተን፣ ሲያልፍ ይፈርም፣ ሲሳሳት ይጠየቅ። የጤና ተቋማትን የመሰለ ልዩ ማረጋገጫ ደግሞ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ሲፈልጉት ይምጣ።

እዚህ አትላንታ ውስጥም ሕግ እስኪለወጥ መጠበቅ የለብንም። በመካከላችን የተመዘገቡ አርክቴክቶችና ዲዛይነሮች አሉ። የአንድ ሰው 3,520 ሰዓት ለመከታተል ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ቢሮዎች ቢገኙ፣ የፈተናውን ክፍያ በብድር የሚሰጥ አንድ ዕቁብ መሰል ፈንድ ቢቋቋም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የሥራ ማኅደርን በቦርዱ ቋንቋ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ አንድ ሰው ቢኖር፣ የበሩ ግማሽ ይከፈታል። የቀረው ግማሽ የሕግ ሥራ ነው። የጆርጂያ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ይሰበሰባል፤ የሙያ ቦርዶችም ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ከእኛ መካከል አለ ወይ?

በሚቀጥለው ጊዜ የማንኛውም ሙያ የፈቃድ ረቂቅ፣ ከአትላንታም ሆነ ከአዲስ አበባ፣ እጃችሁ ሲገባ ሦስት ጥያቄ እንድታቀርቡለት እለምናለሁ። ሥራው ሲበላሽ የሚጎዳው ገዢው ነው ወይስ በውሉ ያልነበረ ሰው? ጉዳቱን ዕቃውን ወይም ቦታውን በመፈተሽ መከላከል አይቻልም ወይ? ፈተናውን ማለፍ የሚችል ሰው ከፈተናው በር ላይ የሚመልሰው ምንድን ነው? ረቂቁ ለሦስቱም መልስ ካለው እደግፈዋለሁ። ከሌለው ግን፣ ማህተሙ የሚጠብቀው እንግዳውን ሳይሆን ባለማህተሙን ነው።